ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ

ሟቹ ሲገኙ ሁለት እጆቻቸው መሪ የያዙ ይመስሉ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ታች ካለው ጎዳና ላይ ተክለው፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ነበር የሞቱት። አስታማሚያቸው ጠዋት ገብታ እንደ ወትሮው ስታዋራቸው ቆየች። አልጋውን አነጠፈች፣ ስለ ብርዱ አማረረች፤ ገርበብ ያለውን መጋረጃ ጨርሳ ገልጣ ዞር እስክትል ድረስ የምታዋራው ሬሳ መሆኑን አላወቀችም።

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ጡረታው የቀረበ፣ ወፈር ያለ፣ ሲሄድም ሲያስብም የማይቸኩል ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ቆሞ ይጠብቃል ለማለት ነው። እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። በሥራ ዘመኑ ስንት ሬሳ አይቷል፤ የእኒህን ሽማግሌ አፍ ሲያይ ግን ሳያስበው ወደ ኋላ አለ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ምላሳቸው እንደ አሮጌ ጫማ ደርቋል፣ ዓይናቸው ጉድጓድ ገብቷል። በረሃ ላይ የወደቀ መንገደኛ ይመስላሉ። የሞቱት ግን የኩሽናው ቧንቧ ሲከፈት ከሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። ክንዳቸው አጠገብ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ባዶ ብርጭቆ ተቀምጧል።

ኮመዲኖው ላይ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ቆሟል፤ የሆድ ድርቀት የሚያለሰልስ ሽሮፕ ነው። ከግማሽ በላይ አለው። መለኪያዋ ክዳን ታጥባ ከጎኑ ተደፍታለች። ከመስኮቱ ውጭ፣ ብረት መደገፊያ ላይ፣ ቅጠሉ የወየበ አበባ በማሰሮ ተቀምጧል። በሩ ጀርባ ላይ ደግሞ የሹፌር ካፖርት ተሰቅሏል፤ ቁልፎቹ አሁንም ያብረቀርቃሉ።

ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶብስ የነዱ ናቸው። ሰፈሩ የሚጠራቸው ተሳፋሪዎች ባወጡላቸው ስም ነው፤ ጋሽ ሳይቆም። ሕፃን ቢያለቅስ፣ ረዳታቸው ቢለምን፣ ከመናኸሪያ ከወጡ መድረሻቸው ሳይደርሱ አይቆሙም ነበር። ጉልበታቸው ከድቷቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ ሴት ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች፤ እሷ ሥራ ስትሄድ አስታማሚዋ ትመጣለች።

ልጅቷ ገንዘብ ተቀባይ ከሆነችበት ትልቅ ሱቅ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ ደረሰች። አላለቀሰችም። ደጃፉ ላይ ቆማ አባቷን አየች፣ ባዶውን ብርጭቆ አየች፣ ከዚያ ጣቷን ወደ አስታማሚዋ ቀሰረች።

«አባዬን በውሃ ጥም የገደለችው እሷ ናት» አለች።

አስታማሚዋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ መርዝ አጣ። የሰው እጅ ያረፈበት ምልክትም የለም። ያገኘው ድርቀት ነው። ደማቸው ወፍሯል፣ የሰውነታቸው ጨው ሚዛኑን ስቷል፣ ኩላሊታቸው ሥራውን ትቷል። አንጀታቸው ብቻ ታጥቦ ጸድቷል።

«እንግዲያው ሽሮፑ ነዋ የገደላቸው?» አለ መርማሪው።

«ሽሮፑማ በልኩ ከተወሰደ ብዙ ሽማግሌ የሚገላገልበት ነው» አለ ሐኪሙ። «ሥራው ውሃ ወደ አንጀት ስቦ የደረቀውን ማለስለስ ነው። ውሃውን ከየት ያመጣል? ሰውየው ከጠጣ፣ ከጠጣው። ካልጠጣ ከራሱ ከሰውነቱ። እኒህ ሰው ከልክ በላይ ወስደዋል፣ ተቅማጥ ይዟቸው ሰንብቷል፣ ውሃ ግን ጠብ ያለላቸው አይመስለኝም።»

«ጠርሙሱ እኮ ከግማሽ በላይ አለው። በመለኪያው ነው የተሰጣቸው።»

«ጠርሙስህን አላውቅም። አንጀታቸውን ግን አይቼዋለሁ።»

ማን ውሃ ነፈጋቸው ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ እሱ ያንተ ሥራ ነው አለው።

አስታማሚዋ ጣቢያ ተይዛ ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ክንደ ብርቱ፣ በሽተኛ ማንሳት የለመደች ሴት ናት። መርማሪው ከመጠየቁ በፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠላት። ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው፤ አፍራ ሌላ ጠየቀች።

የተባለችውን አንድም እንዳላጓደለች ነገረችው። ጠዋት በመለኪያዋ ክዳን ሽሮፑን ትሰጣለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ውሃ ታመላልሳለች። ብርጭቆውን በእጃቸው ታስይዛቸዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ባዶውን ትወስዳለች። በመጀመሪያ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ይቆዝማሉ፣ አይናገሩም። ቆይቶ ሆዳቸው ሲፈታ ቤቱ በደስታ ሞላ።

«ልጃቸው ስልክ ላይ በደስታ አለቀሰች ጋሼ። መድኃኒቱ ያዘ፣ ቀጥይ አለችኝ። እኔም ቀጠልኩ።»

«ፊታቸው ሲጠወልግ አላየሽም?»

«አየሁ። ድካም ነው አሉኝ። ውሃ ጨመርኩላቸው።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ የምኖረው በስሜ ነው። ሽማግሌ ውሃ አስጠምታ ገደለች ከተባልኩ ማን በሽተኛውን አምኖ ይሰጠኛል?»

የመርማሪው አለቃ ከጥያቄ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ሆኖ ሲያይ ነበር። ለእሱ ነገሩ አልቋል፤ ጥፋተኛ አፉ ይደርቃል፣ ሁለት ብርጭቆ ስትገለብጥ አላየህም ወይ ብሎ ክሱን እንዲያዘጋጅ አዘዘው። መርማሪው ጥቂት ጊዜ ለመነ። አለቃው ተነፈሰና፣ እንቁላልህ እግር አውጥቶ እስኪሄድ ግን አልጠብቅም አለው።

ልጅቷም በተራዋ መጣች። ለእሷም ውሃ ቀረበላት። አንስታ ከንፈሯን ብቻ አስነካችና መለሰችው።

«አይጠጡም?»

«አልለመደብኝም» አለች። ገንዘብ መቀበያው ላይ የተቀመጠ ሰው ሰልፉን ትቶ የት ይነሳል ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

አባቷ ሆዳቸው ሲደርቅ ሽሮፑን የገዛችው እሷ ናት። ማታ ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ ተኝተው ታገኛቸዋለች፤ ጠዋት ሳይነሱ ትወጣለች። ስለዚህ ቀኑን ለአስታማሚዋ አምና ሰጠች። ይህን ስትናገር ወደ ብርጭቆው አታይም ነበር። መርማሪው ያንን ከሐዘን ቆጠረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ የደረቀ አፍ አልለቀቀውም። ሚስቱ ራት ላይ ውሃ ስትቀዳለት፣ ብርጭቆው ከንፈሩ ሲደርስ የሽማግሌው ምላስ ይታየዋል። ግማሹን ጠጥቶ ያስቀምጣል። ጎዳና ላይ አውቶብስ ባጠገቡ ሲያልፍ ሹፌሩን ቀና ብሎ ያያል፤ እኒያ እጆች መሪው ላይ ያሉ ይመስለዋል። ሚስቱ ምን ሆነሃል ብትለው ምንም አላት። ሙታንን ቤቱ ይዞ የመግባት ልማድ አልነበረውም፤ እኒህ ሰው ግን ሳይጠሩ ተከትለውት ገቡ።

ወደ ክፍሉ ብቻውን ተመለሰ። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፤ ቁልፉን ከጣቢያ ይዟል። ወንበሩ እንዳለ አለ። ሰው የተነሳበት ሳይሆን ሰው የሚጠብቅ ወንበር መሰለው፤ ሊቀመጥበት አስቦ ተወው። እንደ ልማዱ በዝግታ ዓይኑን ከጥግ ጥግ ሲያዞር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ።

ጉንዳን ነው። በመስኮቱ ሥር በቀጭኑ ተሰልፎ ይገባና፣ ግድግዳውን ተከትሎ፣ በበሩ ጀርባ ሽቅብ ይወጣል። ኮመዲኖውን አልፎት ነው የሚሄደው። መርማሪው ተከተለው። ሰልፉ የሹፌሩ ካፖርት ውስጥ ኪስ ገባ።

ከኪሱ ሌላ ቡናማ ጠርሙስ አወጣ። ያው ሽሮፕ ነው። ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አፉ ዙሪያ ጣፋጩ ደርቆ ተጣብቋል። መለኪያ ክዳኑ እንደ ታሸገ ከኪሱ ሥር ተቀምጧል። የጠጣበት ሰው መለኪያም ማንኪያም አላስፈለገውም፤ በጠርሙሱ አፍ ነው የተጎነጨው።

መድኃኒት ቤቱ ከጎዳናው ማዶ ነው። ፋርማሲስቱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር። መርማሪው ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ሲያኖር ቦርጩን አየት አደረገና፣ ለራስዎ ነው አለው።

«ለሟች ነው።»

ፋርማሲስቱ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ለልጅቷ ሲሸጥላት ምን እንዳላት ተጠየቀ፤ እንደ ጸሎት ይደግመው ጀመር። በራሱ መለኪያ ይለካ ብያለሁ። ውሃ በደንብ ይጠጣበት ብያለሁ። ሥራውን ለመጀመር አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅበት ይችላል፣ ዘገየ ተብሎ አይደረብበትም ብያለሁ። ሆዱ ክፉኛ ከቆረጠው፣ ከተነፋ ወይም ካስመለሰው ጨርሶ አይሰጥም፣ ሐኪም ይየው። ስኳር ካለበትም አስቀድማችሁ ንገሩኝ ብያለሁ።

«ተቅማጥ ከሆነበትስ?»

«ወዲያው ማቆም ነዋ። ማቆም፣ ፈሳሽ ማጠጣት፣ ሐኪም ጋ መውሰድ። ሁለቴ ነው የነገርኳት።»

ሁለተኛው ጠርሙስስ? ፋርማሲስቱ አስታወሰ። አንዲት አሮጊት ናቸው የወሰዱት፣ ለራሴ ነው ብለው። ሲነግራቸው ጆሯቸውን አልሰጡትም፤ ገና ሳይጨርስ፣ ልጄ እኔ የማላውቀው ሆድ የለም ብለውት ወጡ። የሚኖሩት እዚያው ሕንፃ ላይ ነው፤ ከሟቹ ክፍል ሥር።

አሮጊቷ በሩን ሲከፍቱ ጠርሙሱን በመርማሪው እጅ አዩት። ግባም አላሉት፤ ዞረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እንደምትመጣ አውቄ ነበር» አሉ። «እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል።»

«እርስዎ ነዎት የገዙላቸው፣ እማማ?»

አዎ፣ እሳቸው ናቸው የገዙት። አንድ ቀን ከላይ ባለው መስኮት ቅርጫት በገመድ ወረደላቸው። ቀና ሲሉ ጋሽ ሳይቆም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያዩአቸዋል። ከዚያ በሹክሹክታ፣ ይህ ልጆቹ የሚሰጡኝ ጠብታ አላራምድ አለኝ፣ አንድ ጠርሙስ ወዲህ በይልኝ፣ ለልጄ ግን እንዳትነግሪ አሏቸው። አሮጊቷ ገዝተው ቅርጫቱ ውስጥ ጨመሩ።

«ያረጀ ሰው ሆዱ ሲታሰር ለልጁ አይናገርም፤ ያፍራል። እኔም የሚደብቁትን መድኃኒት ገዝቼ አውቃለሁና አዘንኩላቸው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው ልጄ?»

መርማሪው ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ። አሮጊቷ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራቸውን ነገሩት። መስኮታቸው ላይ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ያች አስታማሚ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናብ የለም፣ ቧንቧ አልፈነዳም። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይልና ያቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። አበባ ታጠጣለች ብለው ትተውት ነበር።

«ታዲያ ምኑ ያስፈራዎታል?»

«እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ጠፋ። ሲንጠባጠብ አልፈራሁም። ዝም ሲል ነው የፈራሁት።»

መርማሪው ብዙ ጊዜ ወደ ቆርቆሮው እያየ ቆመ። ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመልሶ አስታማሚዋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። አበባውን ታጠጪ ነበር ወይ? አልነካውም፣ የእኔ ነው ብለው ከልክለውኛል አለችው። ሊወጣ በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ውሃውን ሲጠጡ አይተሻል?»

«እንዴት አላይም ጋሼ፣ በእጄ...» ብላ ቆመች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ሰው እያየኝ አልውጥም ይሉኝ ነበር። ፊቴን አዞርላቸዋለሁ፤ ኩሽና እሄዳለሁ።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ያየሁት ባዶውን ብርጭቆ ነው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርማሪው አሮጊቷን ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡ ነግሯቸው ወደ ላይ ወጣ። ልጅቷ በዚያ ቀን ከሥራ ቀድማ ተመልሳ ነበር። ብርጭቆ ውሃ ቀድታ እንድትሰጠው ለመናት። ይዞ ወደ ወንበሩ ሄደ፤ ልቡ ፈራ ተባ አለ፤ ከዚያ ተቀመጠበት።

ከዚያ ሆኖ ጎዳናው ሁሉ ይታያል። እጁን ሲዘረጋ፣ ሳይነሳ፣ ሳይንጠራራ፣ ከአበባው ማሰሮ ላይ አረፈ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ፤ ማሰሮው እስካሁን ጭቃ ነው፣ ይሸታል። ሳሎን ውስጥ ያሉት አበቦች አፈራቸው አቧራ ሆኗል፤ ይህኛው ግን ሥሩ በውሃ በስብሶ ነው የወየበው። ብርጭቆውን አዘነበለ። ውሃው አፈሩ ላይ ትንሽ ዋለለ፣ ሰረገ፣ በማሰሮው ሥር ወጣ።

ከታች ተሰማ። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ጥቂት ቆይቶ ደረጃው ላይ ዝግ ያለ ኮቴ መጣ። አሮጊቷ ግድግዳ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ፤ ቀለማቸው ጠፍቷል። መርማሪውን ወንበሩ ላይ ሲያዩት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ድምፁ እሱ ነው» አሉ። «እሳቸው ናቸው።»

ልጅቷ አልገባትም። መርማሪው ባዶውን ብርጭቆ ወደ እሷ ከፍ አድርጎ ያዘው። አስታማሚዋ ውሃ አልነፈገቻቸውም፤ የሰጠቻቸውን ሁሉ እዚህ ነው የደፉት አላት። ያልገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተጠማ ሰው ውሃ በእጁ ይዞ ለምን ይደፋል? ይህን ሲናገር ገና፣ ጣቢያ ውስጥ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ የመለሰችው ብርጭቆ ትዝ አለው።

«ውሃ አለመጠጣትን ማን ነው ያስለመደዎት?»

ልጅቷ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች። «ትምህርት ሲዘጋ አውቶብሱ ላይ፣ ከጎኑ ነበር የምቀመጠው። ጉዞው እስኪያልቅ ጠብታ አይቀምስም። ‹ውሃ የጠጣ ሹፌር ሰው ያስቆማል› ይለኝ ነበር። ከንፈሬ ደርቆ ዝም ስል፣ ‹ጎበዝ፣ የሹፌር ልጅ› ይለኛል። ከዚያ የበለጠ ምርቃት አላውቅም።»

«እዚህስ? እዚህ ማንን ነበር የሚያስቆሙት?»

«እሷን ነዋ። ግድግዳ ተደግፎ እስከ ክፍሉ በር ነው የሚደርሰው፤ ከዚያ አያልፍም። ውሃ ከጠጣ ሽንት ቤት ታቅፋ ልትወስደው ነው፤ ሆዱ ከተፈታ ወዲህማ ጭራሽ ባሰ። አባዬን። ያን ሁሉ ሰው ያደረሰውን ሰው።»

አሮጊቷ በዝምታ ያለቅሱ ነበር። መርማሪው ግን አልጨረሰም። አስታማሚዋ መጀመሪያ ቀን የነገረችውን፣ ጽፎት ሳያየው ያለፈውን ቃል አሁን አየው። ቀጥይ። ከወንበሩ ወርዶ ልጅቷ ፊት ተንበረከከ፤ ድምፁም የፖሊስ መሆኑ ቀረ።

«ልጄ፣ ሆዳቸው ሲፈታ ፋርማሲስቱ ምን አድርጊ ብሎሽ ነበር?»

ልጅቷ ባዶውን ብርጭቆ አየች።

«አቁሚ ብሎኝ ነበር» አለች። «አቁሚ፣ ሐኪም ጋ ውሰጂው ብሎኛል። አልረሳሁትም። ግን ደስ አለኝ። ያን ያህል ሲሰቃይ አይቼ ሲፈታለት፣ እንዳይመለስበት ብዬ ቀጥይ አልኳት። ሲሞት ከንፈሩን ሳይ ወዲያው ገባኝ።»

«ታዲያ ጣትሽን ለምን ወደ እሷ ቀሰርሽ?»

«ሌላ የምቀስርበት ራሴ ብቻ ነበርኩ።»

አስታማሚዋ በዚያው ዕለት ተለቀቀች። አለቃው ፋይሉን አንብቦ ሲጨርስ፣ ማንን ልክሰስ ታዲያ አለ። መርማሪው አላወቀም። ያፈረ ሽማግሌ፣ ያዘነች ጎረቤት፣ የተደሰተች ልጅ፣ ፊቷን ያዞረች አስታማሚ፤ የሰጧቸው ሁሉ በፍቅር ነው የሰጧቸው፣ ማንም ግን ለማንም አልነገረም። አደጋ ተብሎ ተዘጋ። አለቃው ስለ ደረቀ አፍ የተናገረውን ዳግም አላነሳውም፤ መርማሪውም አላስታወሰውም።

የቀብሩ ግርግር ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ጣቢያው ስልክ ጮኸ። አሮጊቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ተመልሷል» አሉ። «እየተንጠባጠበ ነው።»

ቀስ በቀስ የሚሉት ሰው በዚያ ቀን ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። አሮጊቷ በራቸው ላይ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ጠብ የሚለው ድምፅ እስከ ደረጃው ይሰማል። እላይ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሊያንኳኳ እጁን አነሳና ወደ ውስጥ ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ልጅቷ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በእጇ ባዶ ብርጭቆ ይዛለች፤ ከማሰሮው ውሃ ይወርዳል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አጠገቧ አስታማሚዋ ቆማለች። ትታው የሄደችውን ጫማና ሽርጥ ልትወስድ የመጣች ይመስላል፤ የላስቲክ ከረጢቱ በክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። አስታማሚዋ ከረጢቱን መሬት ላይ አኖረች፣ ብርጭቆውን ከልጅቷ እጅ ተቀበለች፣ ኩሽና ገብታ ሞልታ ተመለሰች።

«ጠጪ» አለች።

«አልችልም። ሰው እያየኝ አልችልም።»

አስታማሚዋ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቷ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

«ዛሬ ፊቴን አላዞርም» አለች።

ልጅቷ ብርጭቆውን አንስታ ከንፈሯን አስነካች፤ ቆመች፤ አስታማሚዋን አየቻት። ከዚያ ዋጠች። አንድ ጊዜ ትን አላት፣ አለቀሰች፣ እንደገና ዋጠች። አስታማሚዋ ዓይኗን ከጉሮሮዋ አልነቀለችም። እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

መርማሪው በሩን ሳያንኳኳ ወረደ። ታች አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ መስኮታቸው ሰጥተው፣ እጃቸውን ዝም በል በሚል ዓይነት አንስተው ይጠብቁት ነበር። ሁለቱም አብረው አዳመጡ። ጎዳናው ላይ አውቶብስ አለፈ። ቆርቆሮው ላይ ምንም አልወደቀም።

«ውሃ አለዎት እማማ?» አለ መርማሪው። «ጠምቶኛል።»